ሐምሌ ሳይገባ ጣራችሁን እዩት!

የእንጦጦን ስር ዝናብ የቀመሰ ያውቀዋል፡፡ ፒያሳ ላይ ሲያካፋ ሽሮ ሜዳና ቁስቋም በረዶውን ቆርቆሮ ላይ ያራግፈዋል፡፡ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ እንኳ መደማመጥ የለም፡፡

በዚሁ ሰፈር አንዲት ክፍል የተከራዩ አዲስ ተጋቢዎች ባለፈው ክረምት የገጠማቸው ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይሆንም፡፡ ሌሊት ዝናቡ ሲጀምር ባል አልጋ ይገፋል፤ ሚስት ሳፋና ባልዲ ትደረድራለች፡፡ ሲነጋ ጭቅጭቅ! "ለአከራዩ ንገር ብዬህ አልነበር?" ትላለች፡፡ እሱ ደግሞ ኪራይ ይጨመርብኛል ብሎ ፈርቶ ዝም ብሏል፡፡ መጨረሻ ላይ አንድ ጣሳ ሬንጅ ገዝቶ ወጣና ከአልጋው ትይዩ ያለውን ቦታ ለቀለቀው፡፡ ቤቱ ግን ማፍሰሱን አላቆመም፡፡

ለምን መሰላችሁ? ውሃ በገባበት ቀዳዳ በኩል ቀጥ ብሎ አይወርድም፡፡ ከላይ ገብቶ የቆርቆሮውን ሆድና ሞራሌውን ይዞ ቁልቁል ይሄድና ደስ ባለው ቦታ ይንጠባጠባል፡፡ ስለዚህ ፍለጋው ከሚንጠባጠብበት ወደ ላይ ነው፡፡ ኮርኒስ ከሌለ በጠራራ ፀሐይ በርና መስኮት ዘግታችሁ ቀና በሉ፤ ቀዳዳው እንደ ኮከብ ያበራል፡፡ ኮርኒስ ካለ አንዱ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ላይ እያለ ውሃ ያፍስስ፣ ሌላው ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ፡፡

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ሚስማር ነው፡፡ ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ ዚንኩ ሲያልቅ ዝገቱ ይጀምራል፡፡ መጀመሪያ የሚበላውም ሚስማር የገባበትን፣ የተቆረጠ ጠርዝንና ሁለት ቆርቆሮ የተደራረበበትን ቦታ ነው፡፡ ሚስማሩ መመታት ያለበት በሞገዱ ጀርባ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ውስጥ አይደለም፤ ከራሱ ስርም ክብ ጎማ ያስፈልገዋል፡፡ የላላውን ሚስማር እዚያው መልሶ መቀጥቀጥ ዋጋ የለውም፡፡ ንቀሉት፣ ጎማ ያለው አዲስ ሚስማር አጠገቡ ምቱ፣ የድሮውን ቀዳዳ ድፈኑ፡፡

አደፋፈኑስ? ሬንጅ ዝገት ላይ ከተቀባ ዝገቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም፤ ከስር እየበላ ይቀጥላል፡፡ በመጀመሪያ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽዱት፣ እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ፡፡ ከዚያ አንቲረስት ቀቡትና ሲደርቅ ሬንጅ፣ በላዩ የአቡጀዲድ ቁራጭ፣ በላዩ እንደገና ሬንጅ፡፡ ሬንጅ ፀሐይ ሲበዛበት ይሰነጣጠቃልና በመጨረሻ የብር ቀለም ቢደረብበት ዕድሜው ይረዝማል፡፡ ሲሚንቶ የምትለጥፉ ሰዎች ግን ተዉት! ቆርቆሮ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው ይሰነጠቅና ይወድቃል፡፡ ንፋስ እንዳይወስደው ተብሎ ድንጋይና አሮጌ ጎማ የሚጫንበትም ከስሩ እርጥበት ይዞ ያዝጋል፡፡ ቀዳዳው መዳፍ ካከለ ደግሞ ሬንጁን ትታችሁ ቆርቆሮውን ቀይሩ፡፡

አሁን በጣም አዳምጡ፡፡ ውሃ የሚወርደው በኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም በአምፑል በኩል ከሆነ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉና ባለሙያ ጥሩ፡፡ የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮ ከነካ ጣራው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ የነካው ሰው ሊሞት ይችላል፡፡ ለጥገና ስትወጡም መጀመሪያ መብራት ይጥፋ፡፡ ጣራው ላይ ስትራመዱ የሚስማሩን መስመር ተከተሉ፤ ሞራሌው ከስሩ ነው፡፡ መሐሉን የረገጠ ቤት ውስጥ ይገባል፡፡

ወጪው የማን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በተከራዩ ላይ ከተጣሉት በቀር አስፈላጊ ጥገናዎችን የሚያደርገው አከራዩ ነው ይላል፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፡፡ ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ክረምት ነውና የጣራው ነገር ውሉ ላይ ይግባ፡፡ ያው ተጋቢዎች ዘንድሮ እንደዚያ አደረጉ፤ አከራዩ ቆርቆሮና ሚስማር ገዙ፣ ባል ጉልበቱን ሰጠ፡፡ ኪራይም አልተጨመረም፡፡

ሥራውን ግንቦት ላይ ጨርሱት፡፡ የእንጦጦ ጠዋት ጤዛ አለው፤ ቆርቆሮው እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከሰዓት በኋላ ደመና ከመጣ አትጀምሩ፡፡ ባህር ዛፍ አጠገብ የምትኖሩ ደግሞ በየሳምንቱ አሸንዳውን በመጥረጊያ ጥረጉ፤ ቅጠሉ ሲዘጋው ውሃው ተመልሶ በቆርቆሮው ስር ይገባል፡፡