የቡና ፍሬ ቀዳጅ ጢንዚዛና ተፈጥሯዊ ጠላቷ ጥገኛ ተርብ

በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ አንድ ስኒ ቡና ለሚጠጣ ሰው የሚቀርበው የሲዳማ ቡና በአርሶ አደሩ ጓሮ ለወራት ከተባይ ተጠብቆ የደረሰ ፍሬ ነው። ከእነዚህ ተባዮች አንዷ የቡና ፍሬ ቀዳጅ ጢንዚዛ ስትሆን፣ በኢትዮጵያ መኖሯ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው።

ተባይዋን እንዴት መለየት ይቻላል?

ጢንዚዛዋ አብዛኞቹ አባላቱ የዛፍ ቅርፊትና እንጨት ከሚቦረቡሩ ነፍሳት ወገን ናት። እርሷ ግን የምትቦረቡረው የቡናን ፍሬ ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር የምታንሰው ጥቁር እናት ጢንዚዛ በአብዛኛው በፍሬው ጫፍ በኩል ትንሽ ክብ ቀዳዳ አበጅታ ትገባለች፤ እንቁላሏንም በውስጡ ትጥላለች። እጮቹ ፍሬውን እየበሉ ያድጋሉ። የተበሳ ፍሬ ክብደቱ ይቀንሳል፤ በጥራት ምርመራም እንደ ጉድለት ስለሚቆጠር የቡናውን ደረጃና ዋጋ ዝቅ ያደርጋል።

ጥገኛዋ ተርብ ምን ትሠራለች?

በሳይንሳዊ ስሟ ፕሮሮፕስ ናሱታ የምትባለው ተርብ የአፍሪካ ተወላጅ ናት። ጢንዚዛዋ በከፈተችው ቀዳዳ ገብታ ጢንዚዛዋን ትገድላለች፤ እንቁላልና ትናንሽ እጮችን ትመገባለች። ያደጉትን እጮችና ሙሽሬዎች ደግሞ በመርዟ አደንዝዛ እንቁላሏን በላያቸው ትጥላለች፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለውም እነርሱን በልቶ ያድጋል። ተርቧ እጅግ ትንሽ በመሆኗ በጣሪያ ሥር ጎጆ ከሚሠራው ተናዳፊ ተርብ ጋር ልትምታታ አይገባም።

ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1929 ይህችን ተርብ ከኡጋንዳ ወስዳ በቡና እርሻዎቿ ለቃለች። ሆኖም ተርቧ ብቻዋን ተባይዋን መቆጣጠር አልቻለችም። ስለሆነም የተርቧ ጥቅም የሚጎላው ከእርሻ ንጽሕና ጋር ሲቀናጅ ነው።

ርጭት ለምን ጥንቃቄ ይሻል?

ጢንዚዛዋ አብዛኛውን ዕድሜዋን በፍሬው ውስጥ ስለምታሳልፍ ርጭት በቀላሉ አያገኛትም። በአንጻሩ ያለአግባብ የሚረጭ ኬሚካል ጠቃሚ ነፍሳትን ይጨርሳል። በፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ መሸጥም ሆነ መጠቀም የተከለከለ ነው።

ከአርሶ አደሩ የሚጠበቁ ተግባራት

1. የቀላ ቡናን በወቅቱና ሳያስቀሩ መልቀም፤
2. ከለቀማ በኋላ በዛፍ ላይ የቀረውንና መሬት ላይ የወደቀውን ፍሬ ሰብስቦ ማስወገድ፤ ጢንዚዛዋ እስከሚቀጥለው ወቅት የምትቆየው በእነዚህ ፍሬዎች ውስጥ ነውና፤
3. የቡና ዛፍን መግረዝ፣ ጥላውንም ማመጣጠን፤
4. የተለቀመ ቡናን ሳያቆዩ በአግባቡ ማድረቅ።

የአየር ሙቀት ሲጨምር ተባይዋ ፈጥና ስለምትራባ፣ ቀድሞ እምብዛም ባልታየችባቸው ከፍተኛ ቦታዎችም ክትትል ማድረግ ያስፈልጋል።

አገልግሎት ለማግኘት

የተበሳ ፍሬ ያገኘ አርሶ አደር ጥቂት ናሙና በተዘጋ ዕቃ ይዞ በቀበሌው ለሚገኝ የልማት ሠራተኛ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳየት ይኖርበታል። ተባዩ በባለሙያ ተለይቶ ሳይታወቅ ኬሚካል መግዛት ገንዘብን ከማባከኑም በላይ፣ ያለ ክፍያ የሚያግዙ ነፍሳትን ያጠፋል።