ከአብራሪዎች ጭምጭምታ እስከ አርቦዬ ገበያ፦ ስለ አዳዲስ ቱርቦፕሮፕ አውሮፕላኖች የሚወራው እንዴት ይመዘናል?



የዛሬው ገለጻዬ ስለ ወሬ ነው። አማርኛችን ያልተረጋገጠን ነገር በአንድ ስም ብቻ አይጠራውም። አሉባልታ ስንል መሠረት የሌለው፣ ብዙ ጊዜም ሰውን ለመጉዳት የሚነዛ ነገር ማለታችን ነው። ጭምጭምታ ግን ሌላ ነው፤ ገና በይፋ ያልተነገረ፣ ሆኖም ከቅርብ ያየ ወይም የሰማ ሰው እንዳለ የሚጠቁም ቃል ነው። አየር መንገዱ ለአጫጭር በረራዎች አዳዲስ ቱርቦፕሮፕ አውሮፕላኖች ሊያስገባ ነው የሚለው፣ በአብራሪዎች ዘንድ በየጊዜው የሚነሣው ወሬ ከሁለቱ የትኛው ነው? እኔ እንደሚመስለኝ፣ አንዱ ክፍሉ ጭምጭምታ፣ ሌላው ክፍሉ አሉባልታ ነው፤ የመለያ መንገዱም በእጃችን ይገኛል። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ጎርደን ኦልፖርትና ሊዮ ፖስትማን በ1947 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የወሬ ብርታት ጉዳዩ ለሰሚው ባለው አስፈላጊነትና በማስረጃው አሻሚነት ብዜት ይወሰናል ብለዋል። ብዜት እንጂ ድምር አለመሆኑን ልብ በሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ወሬው አይኖርም። ታሞትሱ ሺቡታኒ ደግሞ በ1966 ወሬን እንደ በሽታ ከማየት ይልቅ፣ በቂ መረጃ ያላገኙ ሰዎች ተሰባስበው ሁኔታቸውን ለመረዳት የሚያደርጉት ጥረት አድርጎ ተመለከተው። ለአብራሪዎች ወሬ የሚስማማው ይኸኛው እይታ ነው።

ለአብራሪ የአውሮፕላን ዓይነት የእንጀራ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የተመረቀ አብራሪ ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው በኪው400 ረዳት አብራሪነት ነው። ረዳቱ ወደ ዋና አብራሪነት የሚያድገው፣ ወደ ትልልቆቹ ጄቶች የሚሸጋገረውም ቦታ ሲገኝ ነው። ስለዚህ የቱርቦፕሮፖች ቁጥር ጨመረ ማለት የወንበሮች ቁጥር ጨመረ፣ ወረፋው አጠረ ማለት ነው። ዓይነቱ ተለወጠ ማለት ደግሞ አዲስ ሥልጠና ማለት ነው፤ አንድ አብራሪ በአንድ ዓይነት አውሮፕላን ያገኘው ብቃት ለሌላው ዓይነት አያገለግለውም፤ እንደገና ክፍል ገብቶ፣ ሲሙሌተር ላይ ተቀምጦ ይፈተናል። አስፈላጊነቱ ይህን ያህል ከሆነ፣ ትንሽ አሻሚነት ብቻ ወሬውን ለማቀጣጠል ይበቃል።

እዚህ ላይ አብራሪ ምን ያያል፣ ምንስ አያይም ብለን እንጠይቅ። የሥልጠና መርሐ ግብር ሲለወጥ ያያል። የሲሙሌተር ሰዓት ሲጣበብ፣ አስተማሪዎች ወደ ውጭ ሲላኩ፣ አምራቹ አውሮፕላኑን ለማሳየት ሲያመጣ ያያል። የብድር ድርድርን፣ የኪራይ ውልን፣ የመድን ዋስትናን፣ የቦርድ ውሳኔን ግን አያይም። ከዚህ ተነሥቼ የማምነው ይህን ነው፦ የአብራሪዎች ወሬ ስለ አውሮፕላኑ ዓይነትና ስለ ሥልጠናው ሲናገር ጆሮ ሊሰጠው ይገባል፤ «ይህን ያህል አውሮፕላን፣ በዚህ ወር» ሲል ግን ሰሚው መጠንቀቅ አለበት።

ዓይነቱን ራሱ ቢሆን ማንም ተማሪ ከቤቱ ሆኖ ሊመረምረው ይችላል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ አውሮፕላን ዛሬ ይሠራል ወይ?» የሚለው ነው። ታሪኩ ያስተምራል። አየር መንገዱ በ1946 በረራ ሲጀምር በዳግላስ ዲሲ-3 ቤተሰብ አውሮፕላኖች ነበር፤ እነርሱም በሀገር ውስጥ መስመሮች ለአሠርት ዓመታት አገልግለዋል። ከዚያ ትዊን ኦተር፣ ኤቲአር 42፣ ፎከር 50 መጡ። የፎከር ኩባንያ በመጋቢት 1996 ኪሳራ ሲያውጅ፣ የኢትዮጵያ ፎከሮች ከመጨረሻዎቹ የፋብሪካው ምርቶች መካከል ነበሩ። በ2010 የቦምባርዲየር ኪው400 ገባ፤ በኋላ ዲ ሃቪላንድ ካናዳ መርሐ ግብሩን በ2019 ተረከበ፣ አዲስ ምርትም በ2021 ተቋረጠ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ «አዲስ ቱርቦፕሮፕ» የሚል ወሬ ስትሰሙ፣ በምዕራባውያን አምራቾች በኩል በዚህ መጠን ከፋብሪካ በአዲስነት የሚወጣው በመሠረቱ ኤቲአር ነው። ወሬው «አዲስ ኪው400» የሚል ከሆነ ሌላ ሰው የተገለገለበት አውሮፕላን ማለቱ ነው፤ ለአውሮፕላን ግን ያገለገለ መሆን ነውር አይደለም። አንዳንዴም የሚወራው ግዢ ሳይሆን ዝውውር ይሆናል፤ አየር መንገዱ አጋር የሆነባቸው የሎሜው አስካይም ሆነ የማላዊ አየር መንገድ ኪው400 ተጠቅመዋል፤ በአጋሮች መካከል አንድ አውሮፕላን ሲሄድ ወይም ሲመለስ፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ግዢ ይመስላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የከፍታችን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የምህንድስና ተማሪዎችም ወረቀት አውጡ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ የአርሲና የባሌ ደጋ ከተሞችም በዚሁ አቅራቢያ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። በ2,400 ሜትር ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ የአየሩ ጥግግት በመደበኛ ሁኔታ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 73 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ክንፍ ያንኑ ክብደት ለማንሣት በሳሳ አየር ውስጥ የበለጠ መፍጠን ስላለበት፣ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት የሚያስፈልገው እውነተኛ ፍጥነት በ17 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ማኮብኮቢያው ላይ የሚያጠራቅመው ጉልበት ደግሞ ወደ 36 በመቶ። በዚያው ላይ ሞተሩ ራሱ የሚስበው አየር ሳስቷል። ኪው400 ለዚህ መልስ ያለው በኃይሉ ነው፦ እያንዳንዱ ሞተሩ 5,000 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። የኤቲአር 72-600 ሞተር ግን 2,700 ገደማ ነው። ኤቲአር በቀላልነቱና በነዳጅ ቁጠባው የተመሰገነ ነው፤ ኪው400 በሰዓት ወደ 660 ኪሎ ሜትር ሲበር እርሱ ወደ 510 ይበራል። ለዝቅተኛ ሜዳና ለአጭር መስመር ኤቲአር ብልህ ምርጫ ነው። ለደጋችን ግን በቀትር ሙቀት ስንት መንገደኛ ይዞ እንደሚነሣ ያልመለሰ ወሬ ግማሽ ወሬ ነው።

አሁን ወደ አርቦዬ ልምጣ። ኦልፖርትና ፖስትማን ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ዝርዝሩ እንደሚራገፍ፣ የቀረው እንደሚሾል፣ ሁሉም ነገር ወደ ሰሚው ፍላጎት እንደሚሳብ አሳይተዋል። በአዲስ አበባ «ትንንሽ አውሮፕላኖች ሊመጡ ነው» የተባለው የአዳማንና የአሰላን መንገድ አልፎ የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ አርቦዬ ሲደርስ፣ በገበያ ቀን እንደሰማሁት፣ «አሰላ ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ነው» ሆኗል። ሞተሩ፣ ሥልጠናው፣ ዓይነቱ ሁሉ በመንገድ ቀርቶ ተስፋው ብቻ ደርሷል። ሰው በተስፋ አይወቀስም፤ ነገር ግን መሬት በእንዲህ ዓይነት ተስፋ ይሸጣል፣ ይገዛል፤ የሚከስረውም ብዙ ጊዜ ወሬው መጨረሻ ላይ የደረሰው ገበሬ ነው።

ይህንንም መመዘን አይከብድም። አሰላ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመንገድ 175። ቱርቦፕሮፕ በዚህ ርቀት ወጥቶ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል፤ ነዳጁን የሚበላው መውጣቱ፣ ሞተሩንና ጎማውን የሚያስረጀውም የመነሣትና የማረፍ ብዛት ስለሆነ፣ አጭር በረራ ለአየር መንገድ ውድ በረራ ነው። መንገደኛውም ቢሆን ለፍተሻና ለጥበቃ በሚያጠፋው ጊዜ በመኪና አዳማን አልፎ ነበር። ባሌ ሮቤ ግን በቀጥታ 250 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በመንገድ ከ400 በላይ ናት፤ በመኪና ቀኑን የሚፈጀው ጉዞ በአየር ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ሮቤ አውሮፕላን የሚያርፍባት፣ አሰላ መደበኛ የመንገደኞች በረራ የሌላት መሆኑ አንዱን ከተማ ከማዳላት የመጣ ሳይሆን ከሒሳቡ ነው፤ አዲስ ዓይነት አውሮፕላን መምጣቱም ይህን ሒሳብ ብዙ አይለውጠውም።

የአርቦዬ ሰው ስለ አውሮፕላን የሚጨነቅ ከሆነ የእኔ ምክር ጆሮውን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲያዞር ነው፦ በቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ ወደ ታቀደው ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ። እርሱ ሥራ ሲጀምር ከአርሲ የሚነሣ መንገደኛ የአዲስ አበባን መጨናነቅ ሳያቋርጥ አዳማን አልፎ ይሳፈራል። ለጀጁም ሆነ ለአሰላ ጥያቄው ያኔ የአስፋልቱና የአውቶቡሱ ይሆናል፤ ስለ እነርሱ ደግሞ አብራሪዎች አያወሩም።