«እያደር ይጠራል» አትበሏት

ከኩዌት የተመለሰች ሴት ለምክር ወደ እኔ ስትመጣ የሐዋላ ደረሰኞቿን በፌስታል ይዛ ነበር። ተቀባዩ ሁሌም ወንድሟ ነው። ለእናቷ የተነገራቸው ግን ልጃቸው ባዕድ አገር ወንድ ይዛ ቤተሰቧን እንደረሳች ነው። ደረሰኞቹን ፊታቸው ስትዘረጋ «ታዲያ ብሩ የት ገባ?» አሏት፤ መልሷንም ሳይሰሙ ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ የንስሐ አባቷም የመከሯት አንድ ነገር ነው፤ «ዝም በይ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ይህን ምክር በሰማሁ ቁጥር ትዕግሥቴ ያልቃል። የሚመክሩት ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሐሜተኛን ንቆ ማለፍ ጨዋነት ነው ብለው ከልባቸው ያምናሉ። ለጎረቤት ሐሜት ይሠራ ይሆናል። እናት፣ ባል ወይም እህት ያመኑት ውሸት ሲሆን ግን ጊዜ ለውሸቱ ያደላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ሃሸር፣ ጎልድስታይንና ቶፒኖ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በየተወሰነ ሳምንቱ ደጋግመው የሰሙትን ዓረፍተ ነገር፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ ይበልጥ ወደ ማመን አዘንብለዋል። በቡናው ላይ፣ በለቅሶ ቤቱ፣ በማኅበሩ አንድ ወሬ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ የምናውቅ ሰዎች ይህ ሊገርመን አይገባም። ዝም ያለችዋም ዝምታዋ እንደ ማመን ይቆጠርባታል፤ «ንጹሕ ብትሆንማ ትናገር ነበር» ይባላል።

ማስረጃ መደርደርም ብቻውን አይበቃም። በዚያው አቆጣጠር በ1994 ተመራማሪዎቹ ጆንሰንና ሳይፈርት ስለ መጋዘን ቃጠሎ የተጻፈ ታሪክ ለሰዎች አስነበቡ። በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀለምና የጋዝ ሲሊንደር እንደነበረ ተነገራቸው፤ ቆይቶ ቁም ሣጥኑ ባዶ ነበር ተብሎ ተስተካከለ። ማስተካከያውን የሰሙት ሰዎች እንኳ ቃጠሎውን በዚያው ቀለምና ጋዝ ማሳበባቸውን ቀጠሉ። ግምታቸው የቀነሰው ሌላ መነሻ፣ ማለትም ሆን ተብሎ እሳት መለኮሱን የሚጠቁም ነገር፣ ሲቀርብላቸው ነበር። የእናትየው ጥያቄም ይኸው ነው። «አልረሳኋችሁም» የሚለው ቃል ብሩ የት እንደገባ አይናገርም።

የብሩን መድረሻ ማወቅ ደግሞ ለእናትየው ዋጋ አለው። የሚኖሩት በወንዱ ልጅ ቤት ነው፤ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸውም እሱ ነው። ልጅቷን ካመኑ የሚያጎርሳቸውን እጅ መጠርጠር ሊኖርባቸው ነው። ስለዚህ «እንዴት እናቴ አታምነኝም?» ብላ ስታለቅስ፣ ጥያቄው ፍቅርን ብቻ የሚመለከት እንዳልሆነ ደጋግሜ እነግራታለሁ። የእናቷ አለማመን የእሷን ማንነት አይመዝንም፤ የእናቷን ጥገኝነት ይመዝናል።

ሽምግልናው ነገሩን የሚያባብስበት ጊዜም ብዙ ነው። ሽማግሌዎች ምን እንደተደረገ ሳያጣሩ «ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ» ይላሉ፤ ያልበደለችው ተነሥታ የእናቷን ጉልበት ትስማለች። ያን ቀን ውሸቱ ማኅተም ያገኛል፤ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ጥፋት ነበረበት ማለት ነውና።

እኔ የምመክረው ሌላ ነው። አንድ ሰው ምረጪ፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ የማያጣ፣ ምናልባት አክስትሽን። አንድ ጊዜ፣ ፊት ለፊት፣ የተላከውን፣ የተቀበለውን ሰውና ቀኑን በቅደም ተከተል ንገሪያት። የተወራብሽን ወሬ ለማስተባበል ብለሽ አንቺው አትደጋግሚው። ከዚያ ልመናውን አቁሚ። ቤት መከራየቱን፣ ሥራ መፈለጉን እናትሽ እስኪያምኑሽ አታቆዪው፤ ላያምኑሽም ይችላሉ፤ ይህንንም ሳልሸፍን እነግርሻለሁ።

የሙያ ባልደረቦቼንም የምለምነው አለኝ። እንዲህ ያለች ሴት ገና ሁለተኛ ቀጠሮዋ ላይ ሳለች ስለ ይቅር ማለት ማንሣት ይቅርብን። ስሟ የጠፋው በምትወዳቸው ሰዎች አፍ ነው፤ ቁጣዋን አንድ ሰው እንኳ ሳያቋርጥ እስኪሰማት ድረስ ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል።