ግብ አግቢው አሠልጣኝ በሆኑ ጊዜ



በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ስለ እግር ኳስ የማይከራከር ሠራተኛ ጥቂት ነው። ከክርክሩም ሁሉ መቋጫ የማይገኝለት የአሠልጣኝ ነገር ነው። አንዱ «ራሱ ተጫውቶ ያላለፈ ምን ያሠለጥናል?» ሲል፣ ሌላው «ጥሩ ተጫዋች ሁሉ ጥሩ አሠልጣኝ አይሆንም» ብሎ ይመልሳል። ለዚህ ጉዳይ የአቶ መንግሥቱ ወርቁን ታሪክ ያህል የሚያስተምር ምሳሌ ያለ ስለማይመስለኝ፣ ለአንባብያን ባጭሩ ለማቅረብ እወዳለሁ።

አቶ መንግሥቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብና የብሔራዊ ቡድናችን አጥቂ ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የሦስተኛው የአፍሪቃ ዋንጫ የፍጻሜ ግጥሚያ በአዲስ አበባ ሲደረግ፣ የገጠመችን በዚያን ጊዜ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ ተብላ የምትጠራው ግብፅ ነበረች። ግብፅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች፣ በሁለቱም ውድድር እኛን 4 ለ 0 ያሸነፈች ናት። በዚያ ቀን ግን መደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 አልቆ፣ በተጨመረው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁም አራተኛውን አገቡና ዋንጫው በአገራችን ቀረ። አቶ መንግሥቱ በዚያ ውድድር 3 ግብ አግብተው ከግብፁ ባዳዊ ጋር በእኩል አንደኛ ሆኑ። በተካፈሉባቸው የአፍሪቃ ዋንጫዎች ያገቡት ሁሉ ሲደመር ደግሞ 10 ይሆናል። ከኢትዮጵያውያን እዚህ ቁጥር ላይ የደረሰ ሌላ የለም።

ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ የማይነገረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አቶ መንግሥቱ በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችንን በአሠልጣኝነት እየመሩ ለአፍሪቃ ዋንጫ ወደ ሊቢያ ሄዱ። የዋንጫው ባለቤት ናይጄሪያ 3 ለ 0፣ ዛምቢያ ደግሞ 1 ለ 0 አሸነፉን፤ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ተለያየን። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ 10 ግብ ያገቡት ሰው የሚመሩት ቡድን አንዲት ግብ እንኳ ሳያገባ ተመለሰ።

ታዲያ «መጫወቱን እንጂ ማሠልጠኑን አላወቁበትም» ብሎ መፍረድ ይገባልን? እኔ እንደሚመስለኝ አይገባም። ያው የአልጄሪያ ቡድን በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በእስፓኝ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፏል። ጀርመኖች ሊያቆሙት ያልቻሉትን ቡድን የእኛ ልጆች ግብ ከልክለውታል። ይህም በአሠልጣኙ መዝገብ ሊጻፍላቸው የሚገባ ነው።

እኛ የቢሮ ሰዎች ይህን ከሌላው ይልቅ ልንረዳው ይገባናል። እጁ የተዋጣለት ጸሐፊ የክፍል ሹም ሆኖ በተሾመ ማግሥት ብዕሩ በሌላ ሰው እጅ ነው። ደብዳቤው ቢበላሽ ተጠያቂው እሱ ሲሆን፣ ነጥቆ ልጻፈው ቢል ደግሞ ሹመቱ ከንቱ ይሆናል። አሠልጣኝም ከመስመሩ ውጭ ቆሞ፣ እሱ ቢሆን የማይስተውን ኳስ ሌላው ሲስት ዝም ብሎ ማየት አለበት። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ትምህርትም ጊዜም ይፈልጋል።

ለማነጻጸር የግብፁን መሐሙድ ኤል ጎሃሪን እንመልከት። በ1951 ዓ.ም. በእኛ ላይ ሦስት ግብ ያገቡት አጥቂ እሳቸው ነበሩ። አሠልጣኝ ሆነው ቡድናቸውን በ1982 ዓ.ም. ወደ ዓለም ዋንጫ አደረሱ፤ ከሥራቸው ተነሥተውም ተመልሰው ተሾሙ፤ በ1990 ዓ.ም. የአፍሪቃን ዋንጫ ለአገራቸው አስገኙ። በዚህም ዋንጫውን በተጫዋችነትም በአሠልጣኝነትም ያነሡ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ። አገራቸው አንድ ጊዜ አንሥታ ለዘለዓለም አልጣለቻቸውም።

የእኛ ቡድን ግን ከሊቢያ በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪቃ ዋንጫ ራቀ። አዳነ ግርማ በደቡብ አፍሪቃ በዛምቢያ ላይ ግብ ያገባው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር፤ ዋንጫውን ከወሰድንበት ቀን ልክ በ51ኛው ዓመት መሆኑ ነው። አቶ መንግሥቱ ግን ይህን ሳያዩ በታኅሣሥ ወር 2003 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ስለዚህ የሚመለከታቸውን ሁሉ የምለምነው ይህን ነው። ለስመ ጥር ተጫዋች ፊሽካ ከመስጠት በፊት ትምህርቱ ይሰጠው። ከተሾመም በኋላ በሁለት ሽንፈት አይባረር። በሕይወት ያሉት አንጋፎች ደግሞ የሚያውቁት ሁሉ አብሯቸው ሳይቀበር ይጠየቁ፣ የሚናገሩትም በጽሑፍ ይቀመጥ። ግብ ያገባን ሰው በጭብጨባ ማክበር ቀላል ነው፤ ዕውቀቱን ለተተኪው ማስተላለፍ ግን አሳብና በጀት ይጠይቃል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከአዲስ አበባ