የባሕረ ሐሳብ ፈረንጅ ደቀ መዝሙር

ንግሥት እሌኒ በ16ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ባሠሩት በመርጡለ ማርያም ደብር፣ እንደ ሌሎቹ የጎጃም አድባራት ሁሉ፣ በርእሰ ዐውደ ዓመት የዘመኑ ወንጌላዊ፣ አበቅቴውና መጥቅዑ፣ የአጽዋማቱና የበዓላቱ ዕለት ለምእመናን ይታወጃል። ይህ ሁሉ የሚወጣበትን፣ ሊቃውንቱም ለደቀ መዛሙርት ሲያወርሱት የኖሩትን የባሕረ ሐሳብን ቀመር ከዓለም የሒሳብ ታሪክ ጋር አስተያይቶ የመረመረው፣ መጽሐፉንም በ1979 (ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን እቈጥራለሁ) በቪየና ያሳተመው ኦቶ ኖይገባወር የተባለ የሒሳብ ሊቅ ነው።

ኖይገባወር በ1899 በኦስትሪያ፣ በኢንስብሩክ ከተማ ተወልዶ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛነት ዘምቶ፣ በጣሊያኖች ተማርኮ ከተመለሰ በኋላ፣ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥንታውያን ግብጻውያን ክፍልፋይ ቍጥሮች ጽፎ በ1926 የዶክተርነትን ማዕርግ ተቀበለ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የሒሳብ ተቋሙን እንዲመራ ቢሾም፣ የታማኝነት ቃል አልፈርምም በማለቱ ሹመቱ ከአንዲት ቀን አላለፈም፤ ወደ ኮፐንሀገን፣ ኋላም በ1939 ወደ አሜሪካ፣ ወደ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። ሙያው የባቢሎንና የግሪክ ሥነ ፈለክ ሲሆን፣ ወደ ግዕዝ መጻሕፍት አጥብቆ የዞረው በሽምግልናው ነው።

ምን አገኘ ቢሉ፣ በ4ኛው ምዕት ዓመት የእስክንድርያ ሊቃውንት ፋሲካን ያወጡበት የነበረው ሒሳብ በእኛ ብራና ላይ ሳይበረዝ ተጠብቆ መቈየቱን ነው። የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ይበልጣልና፣ በ19 ዓመት ግን ሁለቱ በ235 የጨረቃ ወራት ተገናኝተው ይታረቃሉና፣ ሒሳቡ የቆመው በእነዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ 2018 ዓ.ም. ከፍጥረተ ዓለም 7518 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፣ ከዚህ አንዱ ለዘመን ሲተው 12 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12 አበቅቴ፤ ሠላሳን የሚሞላው 18 ደግሞ መጥቅዕ ነው። መጥቅዑ ያረፈበት መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ (ጭማሪ) 7 ነውና 25 መባጃ ሐመር ሆነ፣ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ገባ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲታከልበት 34፣ ሠላሳው ሲገደፍ 4፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ። ወረቀትና እርሳስ ያነሣ ሁሉ ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ሊቁ በዚህ አልረካም፤ በ1981 የመጽሐፈ ሄኖክን የፀሐይና የጨረቃ ምዕራፎች፣ ከ72 እስከ 82 ያሉትን፣ ተርጕሞ አብራራ። ይህ መጽሐፍ ሙሉውን በግዕዝ ብቻ ተርፎ ሳለ፣ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ የወሰደው በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ የዘለቀው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነበር።

ኖይገባወር በ1990 በፕሪንስተን ዐረፈ። በጎጃም ያላችሁ የሒሳብ መምህራን ሆይ፣ በማካፈል ቀሪን የማስላትን ትምህርት ስታስተምሩ፣ ምሳሌውን ከባዕድ መጽሐፍ ሳይሆን ከደብራችሁ መሪጌታ ውሰዱ።