ሽሮም የተቀነባበረ ምግብ ነው

«የተቀነባበረ ምግብ አትብሉ» የሚለው ምክር ዛሬ በየአቅጣጫው ይሰማል። ምክሩን ቃል በቃል ከወሰድነው ሽሮንም ልንተው ነው። አተሩ ወይም ሽምብራው ተቆልቷል፣ ተከክቷል፣ ከቅመም ጋር ተፈጭቷል። እንጀራው ቦክቷል፣ ቋንጣው ደርቋል፣ እርጎው ረግቷል። የምንጠቀምበት ጨው እንኳ አዮዲን የሚጨመርበት ለእንቅርት መከላከያ ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል ማውገዝ ሰውን ከማደናገር በቀር ጥቅም የለውም።

የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲው ብራዚላዊ ተመራማሪ ካርሎስ ሞንቴሮ እ.ኤ.አ. በ2009 የተሻለ መለያ አቀረቡ። ኖቫ የሚባለው ይህ አመዳደብ ምግብን በአራት ይከፍላል። ሊያሳስበን የሚገባው «እጅግ የተቀነባበረ» የሚባለው አራተኛው ምድብ ነው፤ ከእህልና ከቅባት ተነጥለው የወጡ ነገሮች፣ ማለትም ስታርች፣ የግሉኮስ ሽሮፕና የተጣራ ዘይት፣ በማጣፈጫና በቀለም ተዋህደው የሚሠሩ ምርቶች የሚገቡበት። ለስላሳ፣ የፓኬት ኑድል፣ ክሬም ያለው ብስኩትና ሶሴጅ እዚህ ናቸው።

«ካሎሪው እኩል ከሆነ ምን ልዩነት አለው?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ለዚህ ጥሩ መልስ ያገኘነው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ኬቨን ሆልና ባልደረቦቻቸው 20 አዋቂዎችን በተቋሙ ውስጥ አኖሩ። ለተሳታፊዎቹ ለሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። የሚቀርበው ምግብ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብ፣ በአሰርና በጨው እንዲመጣጠን ተደርጓል፤ የፈለጉትን ያህል መብላት ግን የራሳቸው ፈንታ ነበር። እጅግ የተቀነባበረው ሲቀርብላቸው በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ በሉ፤ በሁለት ሳምንት ወደ 0.9 ኪሎ ጨመሩ። በሌላው ጊዜ ያንኑ ያህል ቀነሱ። የበሉትም በፍጥነት ነበር። ጥናቱ ትንሽና አጭር ነው፤ ቢሆንም «ወፍራም ሰው ፈቃደ ደካማ ነው» ለሚሉ ሁሉ ቢነበብላቸው እመኛለሁ። ምግቡ ራሱ ያስበላል።

እኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ሌላ እምነትም አለ፦ «የጾም ስለሆነ አይጎዳም»። የጾም ብስኩት ማለት ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ የሌለበት ማለት ነው፤ ስለ ስኳሩ የሚናገረው ነገር የለም። አንዱን ፓኬት ገልብጡና ትንንሾቹን ፊደላት አንብቡ። ግብዓቶች የሚዘረዘሩት ከክብደታቸው ብዛት ተነሥቶ ወደታች ነው። ፉርኖ ዱቄት፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት ብሎ ከጀመረ የፊት ለፊቱ የፍራፍሬ ሥዕልና «በቫይታሚን የበለጸገ» የሚለው ጽሑፍ አያታልላችሁ።

ለስላሳም እንዲሁ ጾምን አይገድፍም። በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ስኳር ካለው፣ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢሆን የሚመርጠው ወደ 25 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ብቻውን አለፈው።

«እንጀራ ያወፍራል» ብሎ ቁርሱን በጣፋጭ ኮርንፍሌክስ የተካ ሰው ደግሞ አልተጠቀመም። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ከነገለባው ይፈጫል፤ አሰሩ አብሮ ይቀራል። በእርግጥ የቤት ምግብ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ዘይት የተንሳፈፈበት ወጥ በቤት ቢሠራም ያው ዘይት ነው፤ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስብ ነው።

ሁሉን በአንድ ጊዜ ልተው የሚል ብዙ አይቆይም። ከለስላሳውና ከልጆች መክሰስ ጀምሩ። በትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ ከብስኩቱ ይልቅ ቆሎ፣ ሙዝ ወይም የተቀቀለ እንቁላል አስቀምጡ፤ የሚጠጡትም ውሃ ይሁን።