የመንገደኛው መድኃኒትና የኬላው ሕግ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1989 ሐንስ ፖል ፈርሁፍ የተባለ ሆላንዳዊ፣ ስለ ኤድስ በሚመክር ጉባኤ ላይ ለመገኘት ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲጓዝ፣ በሚኒሶታ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣው ተፈትሾ ኤ ዜድ ቲ የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ስለ ተገኘበት፣ አንዳች ወንጀል ሳይሠራ ለቀናት በወህኒ ቆየ። ከ1987 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበትን የውጭ ሀገር ሰው እንዳይገባ ይከለክል ነበርና፣ ለሕክምና የታዘዘው መድኃኒት በባለቤቱ ላይ መስካሪ ሆነ። ያ ክልከላ የተሻረው በጃንዋሪ 2010 ነው።

በአሜሪካ ቢሻርም ግን በዓለሙ ሁሉ አልተሻረም። ብዙ ወገኖቻችን እንጀራ ፍለጋ በሚሄዱባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ደም ተመርምሮ ስለ ሆነ፣ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ፈቃዱን ተነፍጎ ወደ መጣበት ይመለሳል። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ትኬት ከመቁረጡ አስቀድሞ፣ የሚሄድበት ሀገር ሕግ ለአጭር ጉብኝትና ለመኖሪያ የሚደነግገውን ለይቶ፣ ስሙን መግለጥ ሳያስፈልገው፣ ከሀገሩ ኤምባሲ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ፣ ከፍርሃት የተነሣ ክኒኑን ከብልቃጡ አውጥቶ ጽሑፍ በሌለው ዕቃ መገልበጥ፣ ወይም ሊጠፋና ሊዘገይ በሚችለው የጭነት ሻንጣ ውስጥ መሸሸግ ነው። ዛሬ በሀገራችን በብዛት የሚታዘዘው፣ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የተዋሐዱበት ክኒን በየ24 ሰዓቱ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ሲሆን፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሲጎድል ቫይረሱ እንደ ገና ይራባል፤ ሲራባም ጠባዩን ለውጦ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዘር ሊያስነሣ ይችላል። እንግዲህ ሕጉ በሚፈቅድበት ሀገር መድኃኒቱ ከነብልቃጡና ከነጽሑፉ በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ሐኪሙም የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስምና መጠኑን የሚመሰክር ደብዳቤ ይጻፍለት፤ የደዌው ስም ግን ሀገሩ ካልጠየቀ በቀር መጻፉ ግዴታ አይደለም። ጤናው ለጸና ታካሚ በሀገራችን የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚሰጥበት ሥርዓት ስላለ፣ መንገደኛው ቀጠሮውን አስቀድሞ አስተካክሎ፣ በረራ ቢዘገይ የሚሆን ትርፍ ጨምሮ ይነሣ።

ሰዓቱም ያሳስባል። በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ በዋሽንግተን በክረምታቸው ወራት ገና ከቀኑ 7 ሰዓት ነውና፣ መንገደኛው የሚቆጥረው ከመጨረሻው ክኒን ጀምሮ እንጂ በደረሰበት ከተማ ሰዓት አይደለም፤ የመዋጫውን ሰዓት ለመለወጥ ቢሻም ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። በመንገድ ሆዱን ቢያመውና የጨጓራ ማብረጃ ቢወስድ፣ ማብረጃው ዶሉቴግራቪር ወደ ደም እንዳይገባ ሊያግደው ስለሚችል፣ ክኒኑን ከማብረጃው 2 ሰዓት አስቀድሞ ወይም 6 ሰዓት አዘግይቶ ይዋጥ።

ኬላውን ለማለፍ ብሎ መድኃኒቱን ቤቱ ትቶ የሚሄድ ሰው ግን፣ ምናልባት ፈታሾቹን ያመልጥ ይሆናል፤ ከቫይረሱ መራባት ግን አያመልጥም። ስለዚህ ያን ያህል ዘመን ተጠንቅቆ ያቆየውን ጤና ለደመወዝ ሲል አሳልፎ ከመስጠት ይልቅ፣ ሕጉ የማይከለክለውን ሌላ ሀገር መምረጥ ይሻለዋል።